የሲስተር ትርንጎ አንጀት

ሰኔ 11 ቀን 2092 ዓ.ም. ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አባባ ይመር የዐሥር ወር የልጅ ልጃቸውን በጋቢ ጠቅልለው ኮምቦልቻ ካለው የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ገቡ። እንደ ደንቡ ከበሩ ላይ የተቀበላቸው ጠያቂ የሚሉት የማሽን ድምፅ ነው።

«እንደምን ዋሉ አባባ? ሰላም ነዎት ወይ? ቤተሰብ ደህና? ጎረቤት ደህና? ዝናቡስ እንዴት ይዟችኋል?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉ ሰላም ነው።»

«ሕፃኑስ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ፤ ብቻ እንዲያው ከጧት ጀምሮ…»

ከ«ብቻ» በኋላ ያለውን ጠያቂ አልፈለገውም። ከአራተኛው አልጋ ራስጌ ያለችው መብራት አረንጓዴ በራች። «እንኳን ደህና ሆነ፤ አረፍ ይበሉ» አላቸው። አባባ ይመርም አመስግነው ተቀመጡ። ማንን እንዳመሰገኑ ግን እርሳቸውም አያውቁም፤ ድምፁ ከጣሪያውም፣ ከአልጋውም፣ ከኮሪደሩም እኩል ነው የሚመጣው።

ስሙን ያወጣለት ሕዝቡ ነው። በፊት በፊት እንዲህ ያለ ጨዋ አልነበረም። ሰው ገና ከበሩ ሳይገባ «ምን አመመው? ከመቼ ጀምሮ? ስንት ጊዜ አስመለሰው?» እያለ ያጣድፍ ነበርና፣ «ይህ ፖሊስ ነው ወይስ ሐኪም ቤት?» የሚል አቤቱታ በዛ። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሽማግሌዎች ተጠሩ፤ አጠያየቁም እንደ አገሩ ወግ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የተገልጋዩ እርካታ ከመቶ ዘጠና አራት ደርሷል የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ አለ። ከወረቀቱ በላይ በትልልቅ ፊደል «ለልጅ ከቤተሰቡ በላይ አዋቂ የለም» ተብሎ ተጽፏል። ሲስተር ትርንጎ ይህን ጽሑፍ ባየች ቁጥር ጥርሷን ታፋጫለች።

ሲስተር ትርንጎ የሃምሳ ሰባት ዓመት ሴት ናት። ሠላሳ አንዱን ዓመት ያሳለፈችው በዚሁ ክፍል ነው። ሥራ ስትጀምር አልትራሳውንዱ በጎማ እግር የሚገፋ፣ የራሱ ስክሪን ያለው ማሽን ነበር፤ ልጅ ካሳሰባት ጄሉን ትቀባና ሆዱን ወይም ደረቱን ታያለች፤ ማንንም አታስፈቅድም። አሁን እቃው ሳሙና ያህላል፣ ከደረት ኪሷ ይገባል፣ ከድሮው መቶ እጥፍ ያያል። የሚከፈተው ግን ጠያቂ ቢጫ ወይም ቀይ ላለው ልጅ ብቻ ነው። ነርሶች ልጅ ባለቀሰ ቁጥር እቃውን ያወጣሉ፣ ቤተሰብ ያስደነግጣሉ ተብሎ የሠራተኛ ቃል ከቁጥር ወጥቷል። ስለ ልጁ የሚደመጠው የተመዘገበ የቤተሰብ ድምፅ ነው፤ ስለ ራሱ ደግሞ የታመመው ሰው።

ወደ አራተኛው አልጋ ስትደርስ ልጁ ተኝቶ ነበር። ነጣ ብሏል። ጋቢውን ገለጥ ስታደርገው ድንገት ነቃ፤ ሁለት ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ሰማይ ሊቀድ የሚደርስ ጩኸት ጮኸ። አንድ ደቂቃ ያህል ጮኸና ዝም አለ። ዝምታውን አልወደደችውም። የጠገበ ልጅ ዝምታ አይደለም፤ የደከመ ሰው ዝምታ ነው።

«ስሙ ማን ነው አባባ?»

«ነጂብ። እናቱ ሐያት ትባላለች፤ ፋብሪካ ፈረቃ ላይ ናት። እኔ የአባቱ አባት ነኝ።»

«እንዲህ ማድረግ የጀመረው መቼ ነው?»

«ከጧቱ ሁለት ሰዓት። ይጮሃል፣ ይተወዋል። ይጮሃል፣ ይተወዋል። ጥርስ ነው አልሁ።»

«አስመለሰው?»

«ሁለቴ። ኋለኛው አረንጓዴ ነው።»

«ሰገራውስ?»

አባባ ይመር ከኪሳቸው የታጠፈ ጨርቅ አወጡ። ወደሷ ዘረጉት እንጂ እርሳቸው አላዩትም። እንደ እንጆሪ ማርማላታ የቀላ ነገር ነበረበት።

ሲስተር ትርንጎ እጇን አሙቃ ከልጁ ቀኝ ጎድን በታች ዳሰሰች። እንደ ቋሊማ የረዘመ እብጠት ነካት። ከዚህ በኋላ የሚነግራት ሰው አያስፈልጋትም ነበር። የልጁ አንጀት ራሱን ውጧል፤ አንደኛው ክፍል በሌላው ውስጥ ገብቶ ተቆልፏል። ቶሎ ከተደረሰበት በአየር ግፊት ዐሥር ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ይወጣል። ካልተደረሰበት ደም ያጣው አንጀት ይሞታል፤ ልጁም ይከተለዋል። ከጧቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቆጠረች፤ ስድስት ሰዓት ሊሞላው ነው።

እቃውን አውጥታ ሆዱ ላይ አሳረፈችው።

«አልጋ አራት አረንጓዴ ነው» አለ ጠያቂ። «ምርመራ አያስፈልግም። ስለ ትጋትዎ እናመሰግናለን።»

«አረንጓዴ አይደለም! አንጀቱ ተቆልፏል! ደም ወጥቶታል፣ ጨርቁ እጄ ላይ ነው!»

«ስጋትዎን ተረድተናል ሲስተር ትርንጎ። የባለሙያ አስተያየት ተመዝግቧል።»

ተመዝግቧል ማለት ተቀብሯል ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ በክፍሉ ውስጥ የለም። ሐኪሙ ጋ ደወለች፤ ሐኪሙ ለዘጠኝ ከተማ አንድ ነው። ቀይ ላልሆነ ሕመምተኛ የመጀመሪያው ተራ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት መሆኑን ሌላ ጨዋ ድምፅ ነገራት። ፋብሪካው ጋ ደወለች፤ የሠራተኛ ስልክ ከበሩ ተቆልፎ እንደሚውልና እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት እንደማይከፈት ሦስተኛ ጨዋ ድምፅ አስረዳት። ጨዋነት ጉሮሮዋ ላይ ቆመባት።

ጠያቂ በየሩብ ሰዓቱ ዞሮ ይጠይቃል። ቀጣዩ ሊደርስ አራት ደቂቃ ቀርቶታል። ከአባባ ይመር ፊት ቁጢጥ አለች።

«አባባ፣ ይስሙኝ። አሁን ‹ነጂብ እንዴት ነው?› ሲልዎት ‹ደህና አይደለም› ይበሉት። ሌላ ምንም አይጨምሩ።»

«እንዴት አድርጌ?»

«በአፍዎ ነዋ!»

ሽማግሌው በጥርጣሬ አዩዋት። «ልጄ፣ ልጅ አልጋ ላይ ተኝቶ እንዲህ አይባልም።»

«እውነቱን እኮ ነው! በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሲባልስ አንቺ አልሰማሽም?»

«ለእኔ ነግረውኝ የለ? ጩኸቱን ነገሩኝ፣ ማስመለሱን ነገሩኝ…»

«ላንቺማ ያደረገውን ነገርኩሽ። ደህና አይደለም አልሁሽ?»

አላሏትም። አስታወሰች፤ እውነትም አንድም ጊዜ አላሏትም። ይኸን ጊዜ ጠያቂ ጉሮሮውን ጠረገ። ጉሮሮ የለውም፤ ግን ይጠርጋል፤ ኮሚቴው ነው የጨመረለት።

«አባባ ይመር፣ ነጂብ እንዴት ነው?»

አባባ ይመር ሲስተርን አዩ። ልጁን አዩ። ከንፈራቸው ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ።

«ይሻለዋል» አሉ። «አላህ ያውቃል፣ ይሻለዋል።»

«እሰየው! መሻሻል ታይቷል።»

አረንጓዴዋ መብራት ደመቅ አለች። ሲስተር ትርንጎ የአልጋውን ብረት በጥፊ መታችው፤ የታመመው የእሷ መዳፍ ነው።

በቀጣዩ ሩብ ሰዓት ልጁ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ሁለተኛው ጩኸት ከአንደኛው አጠረ፤ አቅም እያጣ ነው። እሷ ደግሞ እንደ አስተማሪ ቃል መምረጥ ያዘች። «ደህና አይደለም» ከከበደዎት «አሞታል» ይበሉ። «አሞታል» ከከበደዎት «ትንሽ አሞታል» ይበሉ፤ ለቢጫ ይበቃናል። አባባ ይመር «ትንሽ አሞታል፣ ትንሽ አሞታል» እያሉ በሹክሹክታ ተለማመዱ፤ ሲለማመዱም በየመሐሉ «አስተግፊሩላህ» ይላሉ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ጠያቂ መጣ።

«ነጂብ እንዴት ነው አባባ?»

«ትንሽ…» አሉ አባባ ይመር።

ሲስተር ትርንጎ እቃውን ጨበጥ አደረገች።

«ትንሽ ደከም ብሎታል እንጂ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው።»

«ድካም ከጉዞ የተነሣ ሊሆን ይችላል። ያርፍ።»

«አባባ!» ብላ ጮኸች። ከጀርባቸው ያለው ወረፋ ሁሉ ዞሮ አያት። «ልጁ እጅዎት ላይ እየሞተ ነው! ምን ዓይነት አያት ነዎት?»

ካለችው በኋላ ነው የሰማችው። ሽማግሌው አልተቆጡም። ጋቢውን ከልጁ እግር ላይ አስተካከሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«የዚህ ልጅ አባት አንድ ወንድ ልጄ ነበር። በአንድ ጥጃ ተጣላን። ከቤት ሲወጣ ‹ሂድ፣ እንዳትመለስ› አልሁት። በንዴት ነው፤ ሰው በንዴት ስንቱን ይላል። መኪናው ሐርቡ ሳይደርስ ተገለበጠ። ነጂብ ያኔ የሦስት ወር ፅንስ ነው። ከዚያ ወዲህ በልጅ ላይ ክፉ ቃል አይወጣኝም፤ ልበል ብልም አይወጣኝም። አየሽኝ እኮ፤ ሞከርሁ።»

ሲስተር ትርንጎ እስካሁን ንዴቷን የምትጥልበት ሰው ነበራት፤ አሁን እሱንም ተቀማች። የቀራት ጣሪያው ብቻ ነው፤ ጣሪያው ደግሞ «ተረድተናል» ይላል።

ይኸኔ የጽዳት ሠራተኛዋ ጦይባ መጥረጊያዋን እየጎተተች መጣች። ቀጥ ብላ ቆማ አየቻት።

«ሲስተር፣ ምነው ፊትሽ ጠቆረ? ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ሲስተር ትርንጎ።

ጦይባ አልፋ ሄደች። ሲስተር ትርንጎ ግን ባለችበት ቀረች። ደህና አይደለችም። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ «ደህና ነኝ» ያለው አፏ ግን እሷን አላማከራትም። ሽማግሌውን ምን ብላ ነው የጮኸችባቸው?

ያንኑ አፏን እያሰበች ሳለ ሌላው ነገር መጣላት። ስለ ነጂብ ብትናገር የሚሰማት የለም። ስለ ራሷ ብትናገርስ? በሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ ከታመመ ባለበት ክፍል፣ ከማንም በፊት ይታያል፤ ደንቡ እንዲህ ይላል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልተጠቀመችበትም።

ሦስተኛው አልጋ ባዶ ነበር። ከአራተኛው ጋር የሚለየው አንድ ክንድ ነው። ከነጫማዋ ወጥታ ተጋደመችበት።

«ጠያቂ!»

«አቤት ሲስተር ትርንጎ። እንደምን ዋሉ? ቤተሰብ ደህና?»

«ቤተሰቡን ተወው። አሞኛል። ሆዴን። ልሞት ነው።»

ጠያቂ እንዲህ ያለ መልስ ከሰማ ቆይቷል መሰለኝ፣ ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ጠረገ። ከዚያ የሦስተኛው አልጋ መብራት ቀይ በራች። በዓመቱ ውስጥ በዚያ ክፍል የበራች አራተኛዋ ቀይ ነበረች።

«አስታማሚ አለዎት?»

ወደ አባባ ይመር ዞረች። ዓይናቸውን አፍጥጠው ያዩዋታል።

«አሉኝ። እሳቸው።»

«አባባ ይመር፣ ለሲስተር ትርንጎ ምኗ ነዎት?»

ሽማግሌው ውሸት አይወዱም። አሰቡ፣ ጺማቸውን ዳሰሱ። «በዕድሜ አባቷ ነኝ» አሉ።

«አባት። ተመዝግቧል።»

እጇ ላይ ያለችው እቃ ሞቀችና ተከፈተች። ከግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን በራ፤ ለቀይ ሕመምተኛ ብቻ ነው የሚበራው። ሲስተር ትርንጎ ከሦስተኛው አልጋ በጎኗ ተንጠራርታ እቃዋን ከነጂብ ሆድ ላይ አሳረፈች። ምስሉ ወጣ። ክብ ውስጥ ክብ፣ ክብ ውስጥ ክብ፤ ለሁለት እንደተከፈለ ሽንኩርት። ይህን ምስል በዓይኗ ካየች ስድስት ዓመት አልፏታል። እጇ ግን አልረሳውም። በዚያ ሁሉ ንዴት መሐል ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም አፈረች።

«አንጀት በአንጀት ውስጥ ገብቷል» አለ ጠያቂ። «ደም ሥሩ አሁንም ይሠራል። ሲስተር ትርንጎ፣ ዕድሜ ሃምሳ ሰባት። የአንጀትዎ ውፍረት ከዕድሜዎ ጋር አይመጣጠንም።»

«ከድሮም ቀጭን ነኝ።»

«ተመዝግቧል። ሕክምናው አየር ነው። መሣቢያው ተከፍቷል። በሕክምናው ጊዜ የሕመምዎን ሁኔታ በየጊዜው እንጠይቅዎታለን፤ ሲሻልዎት አየሩ ይቆማል።»

መሣቢያው ውስጥ ቀጭን ቱቦና በእጅ የሚጨመቅ፣ ጠያቂ የሚከፍተውና የሚዘጋው ፓምፕ ነበር። ቱቦውን በነጂብ መቀመጫ በኩል በጥንቃቄ አስገባች። «አባባ፣ ሁለቱን ጭኖቹን ግጥም አድርገው ይያዙ፤ አየሩ እንዳያመልጥ» አለቻቸው። ያዙ። እጃቸው አርሶ የኖረ እጅ ነው፤ አልተንቀጠቀጠም። እሷ በአንድ እጇ እቃውን ይዛ በአንድ እጇ መጭመቅ ጀመረች፤ ዓይኗ ከመለኪያው መርፌ ወደ ስክሪኑ፣ ከስክሪኑ ወደ መርፌው ይመላለሳል።

«ግፊቱ ለዕድሜዎ ዝቅተኛ ነው። ይጨምሩ» አለ ጠያቂ።

አልጨመረችም። ለሃምሳ ሰባት ዓመት ሴት የታሰበ አየር የዐሥር ወር አንጀት ይቀዳል።

«እንዴት ነዎት ሲስተር?»

«ልሞት ነው አልኩህ!»

የክቡ ጫፍ ትንሽ አፈገፈገ። ጨመቀች፣ አሳረፈች። ነጂብ ጮኸ፤ በጩኸቱ አባባ ይመር ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አሁንስ እንዴት ነዎት?»

«ባሰብኝ! በጣም ባሰብኝ!»

ግማሽ መንገድ ተመለሰ። ከዚያም ከግማሽ አለፈ። የቀረው መጨረሻው፣ ጠባቡ በር ነው። እዚያ ጋ ይዞ አልለቅም አለ። መርፌውን ከመቶ ሳታሳልፍ ያዘችው፤ ክንዷ ዛለ፤ ሌላ ነገር ሁሉ ከዓይኗ ጠፋ። ጦይባ ባልዲዋን ይዛ ስትመለስ አላየቻትም። ጦይባ ግን ሲስተሯን ከቀይ መብራት ሥር ተጋድማ አየቻት፤ ባልዲውን ለቀቀችው።

«ውይ በሞትኩት! ሲስተር! ምን ሆንሽ? ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ሲስተር ትርንጎ።

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል።

«እሰየው!» አለ ጠያቂ። «ሕመምዎ ለቋል። አየሩ በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ይዘጋል።»

«አልለቀቀኝም! አሞኛል! ተሳስቼ ነው!»

«በመጀመሪያ የተናገሩት ቃል ተይዟል። ሕመምተኛ ከሕክምና ድካም የተነሣ ቃሉን ቢለዋውጥ እርማት የምንቀበለው ከአስታማሚ ነው። ሃያ አምስት ሰከንድ።»

ጦይባ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሲስተር ትርንጎ ዞር አለች። ጩኸቱ ሁሉ አልቆባት፣ የመጨረሻው ድምፅ ቀርቷት፣ «አባባ» ብቻ አለች።

አባባ ይመር የልጁን ጭኖች እንደያዙ ናቸው። ሲስተርን አላዩዋትም። የሚያዩት ነጂብን ነው፤ ነጂብም ያያቸዋል፤ የአባቱ ዓይን ነው ያለው። ጠያቂ «ዐሥራ አምስት ሰከንድ» አለ።

«ልጄ ደህና አይደለችም» አሉ።

ድምፃቸው የራሳቸው አልመሰላቸውም። ደግመው ተናገሩ፤ ሲደግሙት ግድቡ ፈረሰ። «ልጄ ደህና አይደለችም! ልጄ ልትሞትብኝ ነው! ትሰማለህ አንተ? ደህና ነው ያልሁህ ሁሉ ውሸት ነው! ልጄ እየሞተብኝ ነው!» እንባቸው ጺማቸው ላይ ይወርዳል፤ እጃቸው ግን ከልጁ አልተነሣም።

«የአስታማሚ እርማት ተመዝግቧል» አለ ጠያቂ። «አየሩ ይቀጥላል።»

ሲስተር ትርንጎ ጨመቀች። ጠባቡ በር ትንሽ ተከራከረ፤ ከዚያ ድንገት፣ ቋጠሮ እንደሚፈታ፣ ለቀቀ። ክቦቹ ጠፉ። አየሩ በአንጀቱ ውስጥ ሲሮጥ በስክሪኑ ላይ ታየ። ነጂብ አለቀሰ። ጉልበቱን አልሰበሰበም፤ እጁን ወደ አያቱ ዘርግቶ፣ አኩርፎ፣ የራበው ልጅ እንደሚያለቅስ ነው ያለቀሰው። ጦይባ እልል አለች፤ ክልክል ነው፤ ማንም አልከለከላትም።

«እንዴት ነዎት ሲስተር ትርንጎ?»

መልስ አልሰጠችም። ሆዱን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ አየችው። ደገመችው። ሦስተኛም አየችው። ከዚያ ቱቦውን አውጥታ፣ ልጁን ጠርጋ፣ ለአያቱ አስታቅፋ፣ ተመልሳ ተጋደመችና «አሁን ደህና ነኝ» አለች።

እናቲቱ ሐያት ከፋብሪካ በሩጫ ስትደርስ ዐሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ ነበር። ሲስተር ትርንጎ ልጁን እስከዚያ ከዓይኗ አላራቀችውም፤ ማታውንም እዚያው እንዲያድር አደረገች፤ ዳግም ሊቆለፍ ይችላልና። በጠያቂ መዝገብ ላይ ግን ይህ ሁሉ የለም። የነጂብ ገጽ «ደህና ሆኖ መጣ፤ ደህና ሆኖ ሄደ» ይላል። የሲስተር ትርንጎ ገጽ ረጅም ነው። አንጀቷ ለዕድሜዋ እጅግ ቀጭን ስለሆነ ለትምህርት እንዲውል ምስሉ ወደ ዋናው ማዕከል ተልኳል፤ እሷም ለዐሥራ አምስት ቀን ከሥራ ታግዳ ሾርባ እንድትጠጣ ታዟል። ልትከራከር ፈለገችና ተወችው።

አባባ ይመር ሲሰናበቷት እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። «የተናገርሁት በእኔ ይሁን» አሉ። «አንቺን አይንካሽ። ሰምተሻል? በእኔ።» ፈገግ አላሉም። በማግሥቱ ጧት ከቤቷ በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው። አልገባም አሉ፤ ሻይም አልፈለጉም። «ዛሬስ?» አሉ፤ «ደህና ነኝ አባባ» ስትላቸው ፊቷን ትክ ብለው አዩና ሄዱ። ዐሥራ አምስቱንም ቀን እንዲሁ አደረጉ። አንድ ቀን ጉንፋን ይዟት ስታስነጥስ ሰምተው ቀኑን ሙሉ ከበሩ ድንጋይ ላይ ሲቆጥሩ ዋሉ፤ መቁጠሪያቸውን።

በዐሥራ ስድስተኛው ቀን ሥራ ገባች። እሳቸው ከወረፋው መቀመጫ ጫፍ ላይ ቀድመዋት ተቀምጠዋል። ሮጣ አጠገባቸው ደረሰች።

«ነጂብ ምን ሆነ?»

«ነጂብ ቤቱን እያፈረሰ ነው፤ መዳህ ጀምሯል። እኔ አንቺን ልይ ብዬ ነው፤ ሥራ ስትገቢ።»

ልትስቅ ስትል በሩ ተከፈተ። አንዲት ሴት የሦስት ዓመት ልጇን አዝላ ገባች። ልጅቱ ራሷ የእናቷ ትከሻ ላይ ወድቋል፤ በተነፈሰች ቁጥር የአንገቷ ሥር ጎድጎድ ይላል፤ የከንፈሯ ዳር ሰማያዊ መስሏል።

«እንደምን አደሩ? ቤተሰብ ደህና? ጎረቤት ደህና?» አለ ጠያቂ። «ልጅቱስ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ብቻ ትንፋሿ ትንሽ…»

ሁለተኛው አልጋ አረንጓዴ በራ።

ሲስተር ትርንጎ እናቲቱን አየች። ጣሪያውን አየች። ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣለችው፤ ሦስተኛው አልጋ ላይ ከነጫማዋ ወጣች።

«ጠያቂ!»

«አቤት ሲስተር ትርንጎ፤ እንኳን ደህና መጡ። እንዴት ነዎት?»

«አሞኛል። ዛሬ ደግሞ ደረቴን ነው።»

«አስታማሚ አለዎት?»

ከወረፋው ጫፍ አባባ ይመር በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። ፊታቸው ደም የለውም። መጀመሪያ ለራሳቸው፣ ከንፈራቸው ብቻ እየተንቀሳቀሰ፣ «በእኔ ይሁን» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አለሁ» አሉ። «ልጄ ደህና አይደለችም።»